ቅሬታ ከሌለዎት ለምን መጡ?

ቅሬታ ማቅረብ በእኛ ከተማ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎቶች ሁሉ ያለ ደጅ ጥናት የሚገኘው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በር ላይ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅሏል። ኮሪደሩ ላይ «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ሰሌዳ ያለው ክፍል አለ። ጠረጴዛው ላይ በመስመር የተከፋፈለ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ስክሪብቶ በሲባጎ ታስሯል። ስክሪብቶው አይጽፍም፤ ሲባጎው ግን ጠንካራ ነው። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ሰዓትና በስንት ቀን እንደሚሰጥ በሠንጠረዥ ይናገርና ከሥሩ «ባገኙት አገልግሎት ካልረኩ ቅሬታዎን ያቅርቡ» ይላል። እግሩን ማድከም ለማይፈልግ ደግሞ ነጻ የስልክ መስመር አለ። ሙዚቃውን ታግሶ የጨረሰ ሰው ትሁት ድምፅ ትቀበለዋለች፣ ስሙንና ሰፈሩን ትጠይቀዋለች፣ ይቅርታም ትለዋለች። መብራቱ ባይመጣም ይቅርታ ተጠይቆ ያድራል።

አቤት ማለት እንግዳ ነገር አይደለም ለእኛ። በጃንሆይ ዘመን ባለጉዳይ ማመልከቻውን ከፍ አድርጎ ይዞ መኪናቸው የሚያልፍበት መንገድ ዳር ይቆም ነበር። ከታች ያለው ዳኛ ፊት የነሳው ደግሞ ዙፋን ችሎት ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ ቀበሌ መጣ፤ ከቀበሌ በኋላ ወረዳ። ተቀባዩ እየተለወጠ ሄደ እንጂ ማመልከቻው «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ መጨረሱን አልተወም። የመሥሪያ ቤት ስም መለወጥም አያደናግረውም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ኃይል ማመንጫውን፣ ሌላው ለደንበኛ ማከፋፈሉን ያዘ። ሰዉ ግን ማመልከቻውን ዛሬም «ለመብራት ኃይል» ብሎ ይጽፋል፤ ደብዳቤውም ይደርሳል።

የማመልከቻ ጥበብ የሚለካው ግን ከፊርማው በታች ባለው ነው፤ በግልባጩ። ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ዱሮ በታይፕራይተር፣ አሁን በላፕቶፕ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ጠይቁ። ጉዳያችሁን በግማሽ ጆሮ ይሰሙና እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተው «ግልባጭ ለማን ይሁን?» ይላሉ፤ ልብስ ሰፊ የኮት ገበር ሲያስመርጥ እንደሚሆነው ሆነው። ለወረዳው ብቻ? ለክፍለ ከተማውም ይጨመር? ወይስ እስከ ላይ ይሂድ? «እስከ ላይ» የሚሄድ ማመልከቻ ዋጋው ለየት ይላል፤ ወረቀቱ ስለበዛ ሳይሆን ድፍረቱ ስለሚከፈልበት ይመስለኛል። ደብዳቤው የተጻፈለት ኃላፊም መጀመሪያ የሚያነበው ከታች ነው። እዚያ ማን ማን እንዳለ ካየ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ችግሩ ምን እንደሆነ ያያል፤ ጊዜ ካለው።

ስለዚህ በቅሬታ በኩል አንታማም። አበሳው የሚጀምረው ቅሬታ ትታችሁ ወረቀት ስትጠይቁ ነው።

እኛ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ሥር የውሃ ቆጣሪዎቹ በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው የነዋሪዎች ኮሚቴው ጸሐፊ ጋር ነው፤ ጸሐፊው ክፍለ አገር ነው። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ሳጥኑን ዝግ ሲያገኘው በግምት ሞልቶ ይሄዳል። ግምት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ታሪፉ በእርከን መሆኑ ላይ ነው። በወር 10 ሜትር ኩብ ውሃ የሚጠቀም ቤተሰብ እንበል። ሁለት ወር 4፣ 4 ተብሎ ይገመትለታል። በሦስተኛው ወር ሳጥኑ ይከፈትና ቆጣሪው በትክክል ይነበባል፤ የዚያ ወር ፍጆታ 22 ሆኖ ቁጭ ይላል። ውሃው በድምሩ ያው 30 ነው፣ ሂሳቡ ግን ያው አይደለም። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ይጨምራልና ያ ምስኪን ቤተሰብ በሦስተኛው ወር መዋኛ ገንዳ እንዳለው ሰው ይቆጠራል። መዋኛ ገንዳ ቀርቶ ውሃው በፈረቃ በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት ብቻ እየመጣ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ቢሆንም።

አንድ ወር የመጣብን ሂሳብ እንዲህ ያለውን ሸተተኝ። ማወቅ የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ ባለፈው ዓመት የትኛው ወር ተነበበ፣ የትኛው ተገመተ። አንድ ዓምድ ቁጥር። ምሕረትም፣ ይቅርታም፣ ቅናሽም አልጠየቅሁም።

ስሙን የማልጠራው የውሃ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ስደርስ በመስኮቱ ያለችው ልጅ ፎርም እየሳበች ጠበቀችኝ።

«ቅሬታ ነው?»

«አይደለም። ያለፈውን ዓመት የቆጣሪ ንባብ እንድታወጪልኝ ነው።»

«እሺ፣ ቅሬታ ነዋ።»

«ቅሬታ ይኑረኝ አይኑረኝ የማውቀው ንባቡን ሳየው ነው፣ የኔ እህት።»

ፎርሙን በአንድ እጇ አንጠልጥላ አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። «አባቴ፣» አለች ረጋ ብላ፣ «ቅሬታ ከሌለዎት ለምን መጡ?»

«ንባቡን ለማየት።»

«አይተው ምን ሊያደርጉት?»

«ላውቀው።»

«ጋዜጠኛ ነዎት?»

«ደንበኛ ነኝ።»

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

«ከማን?»

«ከሚመለከተው አካል።»

«የሚመለከተው እኮ እኔን ነው።»

እዚህ ላይ ልጅቱን መውቀስ ይቀናል፤ እኔ ግን ሳስበው እውነት አላት። ቅሬታ ወደ ቢሮው የሚገባ ነገር ነው። ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ «እየተጣራ ነው» ይባላል፣ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ከቀረቡት ቅሬታዎች ይህን ያህሉ ምላሽ አግኝተዋል» ተብሎ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ይሆናል። ቅሬታ ባይመጣ ክፍሉ ምን ሪፖርት ያደርግ ነበር? የቆጣሪ ንባብ ግን ከቢሮው የሚወጣ ነገር ነው። የወጣ ወረቀት የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ነገ ዞሮ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ፣ «ይህን ማን ሰጠ?» ሊያስብል ይችላል። ገቢ ወረቀት አስቀምጦ የተቀጣ ሠራተኛ አላውቅም። ወጪ ወረቀት ፈርሞ ግን እንቅልፍ ያጣ ሞልቷል። ልጅቱ የጠየቀችኝን ሁሉ ብትጠይቀኝ አይፈረድባትም። ቅሬታዬን ልትቀበል ተዘጋጅታ ተቀምጣ ሳለ መዝገቧን ልፈትሽ መጣሁባት።

ሕጉ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ ይህንንም ነገርኳት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን ከመግለጽ ጋር መረጃ ማግኘትንም መብት አድርጎታል። ዝርዝሩ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ አለ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የሚሊኒየሙ ዓመት ነው። ያን ዓመት ለበዓሉ የተሠራውን ሚሊኒየም አዳራሽ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ስንቱ ገብቶ ዘፈን ሰምቶበታል፣ ስንቱ ከኤግዚቢሽን ሸምቶበታል። የእድሜ እኩያው የሆነው አዋጅ ግን እንግዳ አጥቶ ቁጭ ብሏል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ሰው መጠየቅ ይችላል ይላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ኃላፊውም ቢዘገይ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ለኮፒ ማስከፈል ይቻላል። አልሰጥም ካለ ነገሩ እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል፤ ያም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው።

ልጅቱ አዳመጠችኝና «እሱ እኛ ጋ አይደለም፣ ሕዝብ ግንኙነት ነው» አለች። ትክክል ነበረች። በዚያ ቢሮ ሕጉን በትክክል የተረጎመችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩ ዝግ ነበር። ጎረቤት ክፍል ያለችው ሴትዮ «መድረክ አለ፣ ካሜራ ይዘው ወጥተዋል» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች ሳያቸው ክፍሉ ሥራ እንደማይፈታ ገባኝ። ኃላፊው ችግኝ ሲተክሉ፣ ኃላፊው ሪባን ሲቆርጡ፣ ኃላፊው ማይክራፎን ፊት ጣታቸውን ሲያነሡ፣ ደንበኞች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ሲያዳምጡ። ከሕዝቡ ጋር በእርግጥ ተገናኝተዋል።

ካሜራ የያዘው ወጣት የተገኘ ዕለት ትሁት ልጅ ሆኖ አገኘሁት። ወንበር ሳበልኝ፣ ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አነበበና «ጋሼ፣ ይሄ በእኛ በኩል ነው እንዴ?» አለኝ፤ እኔን። አዋጁን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። አንቀጹን ተመለከተ፣ አድናቆቱን አልደበቀም፣ በራሱ ስልክ ፎቶ አነሣው። ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ስክሪብቶውን አወጣና በማመልከቻዬ ጥግ ላይ አጋድሞ ጻፈበት፦ «ለደንበኞች አገልግሎት፣ በአሠራሩ መሠረት ይስተናገዱ።» ቲተር መታበት፣ ፈረመበት፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህች መስመር ምን እንደምትሠራ ያውቃል። ወረቀቱ ተመርቷል፤ የመራው ሰው እጁን ታጥቧል፤ «አሠራሩ» ምን እንደሆነ የጻፈውም የተጻፈለትም አያውቁም፣ ሁለቱም ግን አሠራር መኖሩን አምነዋል። እኔም ወደዚያው መስኮት ወረድኩ።

ልጅቱ አሁን ፊርማውን ስታይ ፊቷ ፈካ። ወረቀት ከላይ ሲመጣ የሚያስፈራው ነገር ግማሹ ይቀንሳል። ወዲያው ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ የቆጣሪ ቁጥሬን መታች፣ ጠበቅን፤ ሲስተሙ ሄደ፣ ሲስተሙ መጣ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ወሮች ብቻ አሉ። የቀረውስ?

«እሱ በድሮው ሲስተም ነው።»

«የድሮው ሲስተም የት ነው?»

«የድሮው ሲስተም የለም።»

ዝም ተባባልን። እሷም ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋ ኖሮ ትንሽ አሰበችና መፍትሔውን አገኘችው፦ «እንዲህ ያድርጉ፣ አባቴ። ያለፉትን ደረሰኞችዎን ይዘው ይምጡ። ከእሱ ላይ እናይልዎታለን።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያልተባለ ባለጉዳይ በአገሩ ያለ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤቱ የጻፈውን፣ መሥሪያ ቤቱ ያተመውን፣ መሥሪያ ቤቱ ቅጂ ያስቀረበትን ወረቀት አንተ አምጣ ይባላል። ግብር ከፍለህ እንደሆነ ደረሰኙን አምጣ፤ ካርታ አውጥተህ እንደሆነ ካርታውን አምጣ፤ በኛው መዝገብ ቤት የተመዘገበውን የልደት ወረቀትህን አምጣ። አመጣለሁ ብትል ደግሞ ኦሪጅናሉና ኮፒው ይባላል፤ ኮፒ ማድረጊያው ከግቢ ውጭ ነው፤ ለመውጣት በር ላይ ጥበቃው ጋ ያስያዝከውን መታወቂያ መቀበል አለብህ፤ ለመግባት መልሰህ ማስያዝ። መንግሥት በየቤታችን ያኖረውን መዝገብ ቤት አስልቶ ቢያውቀው ኪራይ ይከፍለን ነበር።

ደረሰኝ የማኖሩ ነገር ደግሞ ዘንድሮ ከብዷል። በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የተባሉት ማዕከላት ሲከፈቱ የውሃ፣ የመብራትና የስልክ ሂሳብ በአንድ መስኮት ተከፈለ፤ ሦስት ቦታ መሰለፍ ቀረ፤ ያኔም ግን ወረቀት በእጅ ይገባ ነበር። ኋላ ክፍያው ወደ ባንክ ሄደ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጣና ሶፋ ላይ ተጋድሞ መክፈል ተቻለ። ይህን የሚነቅፍ ሰው ወረፋ የማያውቅ ነው፤ እኔ አልነቅፍም። ብቻ ደረሰኙ አጭር መልእክት ሆኗል። የእኔ ደረሰኞች በሙሉ ስልኬ ውስጥ ነበሩ፤ ያ ስልክ ደግሞ ሜክሲኮ ጋ ታክሲ ስሳፈር ከኪሴ ተሰናብቶኛል። የውሃ ሂሳቤን ታሪክ አሁን የሚያውቀው ሌባው ነው።

የተረፍኩት በእትዬ ነው። ግቢው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴትዮ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከመኝታ ቤታቸው በር ኋላ ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የከፈሉት ሂሳብ ሁሉ በወር በወሩ ተሰክቶበታል። የታችኞቹ ደረሰኞች ቀለማቸው ጠፍቶ ሻይ የፈሰሰባቸው መስለዋል፤ እትዬ ግን ጣታቸውን አስገብተው የፈለጉትን ዓመት ይመዙታል። ሽቦው እንኳ የእሳቸው ብቻ ነው። የእኔ መዳኛ የነበረው ግድግዳው ነው። ለካ የቆጣሪው ሳጥን ሁለተኛ ቁልፍ እሳቸው ጋ አለ! በየወሩ መጨረሻ ነጠላቸውን አደግድገው ይወርዱና ሳጥኑን ከፍተው ንባቡን ከጎኑ ባለው ልስን ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የመሥመሩን ሁሉ፤ «ከጎን ከጎን ስላለ ዝም ብዬ ላልፈው ነው?» ይላሉ። የሚጽፉትም በግዕዝ ቁጥር ነው። ፬፻፲፪፣ ከሥሩ ፬፻፳፩፣ ከሥሩ ፬፻፴፪። ለምን በግዕዝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ቆጣሪ አንባቢው ከግድግዳው ገልብጦ እንዳይሄድ ነው አሉ። ዓይኑን ቆጣሪው ላይ ያሳርፍ እንጂ የእኔን ድካም ለምን ይወስዳል?

ግድግዳውን ፎቶ አነሣሁ፤ ቁጥሩን ወደ ተለመደው ገልብጬ በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩና ይዤ ሄድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ።

«ግድግዳ ነው።»

«ማህተም የለውም።»

ቢሆንም ሰው ናትና አየችው። የእኔን ዓምድ እሷ ካላት ጥቂት ወር ጋር አስተያየችው፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ቁጥሩ አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማመን ቀላል ነበር። ሁለት ወር በግምት መሞላቱ፣ ሦስተኛው የሁሉን ሸክም መሸከሙ ፍንትው ብሎ ታየ። ሂሳቡ በሚቀጥሉት ወሮች እየተቀናነሰ እንዲስተካከል ተደረገ፤ እንዲስተካከል ግን የቅሬታ ፎርም መሙላት ነበረብኝ። ሞላሁላት። ደስ አላት።

ወሬው በብሎኩ ውስጥ ለመዳረስ አንድ ቡና አልፈጀበትም። ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ደጅ ተመመ፤ የእኔንም ይዩልኝ፣ የእኔን ሐምሌ፣ የእኔን ጥቅምት። እትዬም ለጥቂት ቀን አስተናገዱ። ከዚያ ግን ያ ሁሉ ዘመን መዝገብ ቤት የተቀመጠች ነፍስ ነቃች። መጀመሪያ ግድግዳውን በአሮጌ አንሶላ ጋረዱት፤ ጣት ሲነካው እርሳሱ ይጠፋል ብለው። ቀጥሎ ከሐሙስ ከሰዓት በቀር አላይም አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን የስድስት ወር ንባቡን ሊጠይቅ የወረደ ዕለት አንሶላውን እንደያዙ «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉት።

«ላየው ነው፣ እትዬ።»

«ካየኸው በኋላስ?»

ሰውዬው ተናዶ ወጣ፤ ለኮሚቴው ቅሬታ አስገባባቸው። ኮሚቴው ቅሬታውን ወዲያው ተቀብሎታል፤ ቁጥርም ሰጥቶታል።